ባለጎማ ሻንጣ ወይስ የጀርባ ቦርሳ? የሰባት ኪሎ ሒሳብ

«ዋሪያ፣ ታይዋን ገበያ ቆሜያለሁ፣ የቱን ልግዛ?» የሚል ስልክ በዚህ ወር ብቻ አራት ጊዜ ተደውሎልኛል። ታይዋን ማለት እዚሁ ድሬዳዋ ያለው ገበያችን ነው። ሁሉም በርካሽ አየር መንገድ ሊበሩ ነው። ሁሉም ያንን የሚያብረቀርቅ ባለ አራት ጎማ ደረቅ ሻንጣ እያዩ ነው። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ የጀርባ ቦርሳ ግዙ። እንዲያውም አትግዙ፣ አሰፉ። ወደዚያ እመጣለሁ።

የስልክ ዕቃ እነግዳለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከድሬ አዲስ፣ ከአዲስ ዱባይ፣ ከዱባይ ባንኮክ እሄዳለሁ። ዕቃው በካርጎ ይመጣል፣ እኔ የምይዘው ልብሴንና ቻርጀሬን ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። የርካሾቹ ትኬት የረከሰው ሻንጣ ለብቻው ስለሚሸጥ ነው። በመሠረታዊው ትኬት ፍላይዱባይ ወደ ውስጥ የሚያስገባችሁ 7 ኪሎ ነው፣ ኤርኤዢያም 7፤ ኤር አረቢያ 10 ይሰጣል። ዊዝኤር ደግሞ በነፃ የሚፈቅደው 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ከወንበር ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ ነው። ደንቡ ስለሚቀያየር ትኬት በቆረጣችሁ ቀን እንደገና እዩት።

አሁን ወደ ሻንጣዬ። ባለፈው ዓመት ታይዋን ውስጥ በ4,200 ብር ገዛሁት። ሻጩ 5,500 ብሎ ጀምሮ ነው የወረደልኝ፤ እኔም ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ላዩ ላይ የታወቀ ብራንድ ስም አለ፣ አንድ ፊደል ጎድሎታል። «ፖሊካርቦኔት ነው፣ ቁምበት» አለኝ። ቆምኩበት፣ ቻለኝ። ባዶውን መመዘን ግን አልታየኝም።

የመልሱን በረራ ስጠብቅ፣ በሩ ላይ ልጅቷ ወደ ሚዛኑ ጠቆመችኝ። 9.4 ኪሎ። ያቺን የብረት መለኪያ ሳጥንም አመጣችና «አስገባው» አለችኝ። አካሉ ገባ፣ ጎማዎቹ ውጭ ቀሩ። ጃኬቴን አውጥቼ ለበስኩ፣ ሁለት ሱሪ ደረብኩ፣ ቻርጀሮቹን ኪሴ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፤ አሁንም ከ7 አልወርድ አለ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ካልሲዬን ሲቆጥር ነበር። 60 ዶላር ከፈልኩ። በዚያን ሰሞን ምንዛሪ ስምንት ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው፣ የሻንጣው ዋጋ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ቤት ገብቼ ባዶውን መዘንኩት። 3.6 ኪሎ! የኔ ዕቃ 5.8 ኪሎ ብቻ ነበር። 900 ግራም በሚመዝን ቦርሳ ብይዘው ኖሮ ድምሩ 6.7 ነበር፣ ሰላም ብዬ አልፍ ነበር። 60 ዶላሩን የከፈልኩት ለፕላስቲክና ለጎማ ነው።

የመለኪያውም ነገር እንዲሁ ነው። «20 ኢንች» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አካሉን ብቻ ይለካል፣ እሱም 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አየር መንገዶቹ ግን 55 ሲሉ ጎማውንና እጀታውን ጨምረው ነው። የኔው አስመስሎ የተሠራ ከነጎማው 58 ሆነ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ጥገናው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በሁለተኛው ጉዞ አንዱ ጎማ ተሰበረ። ከዚራ አካባቢ ለሚሠራ ባለሙያ ወሰድኩለት። የውስጡን ጨርቅ ዚፕ ከፍቶ አሳየኝ፤ ጎማው በብሎን ሳይሆን በተቀጠቀጠ ሚስማር ነው የተያዘው። በብሎን የታሰረ ቢሆን ፈትቶ በአሥር ደቂቃ ይቀይረዋል። ይህንን ግን መብሳት ነበረበት። 500 ብር፣ ያውም የተገኘው ጎማ በመጠን ስለማይገጥም አሁን ሻንጣው እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ይሄዳል። እንግዲህ ደምሩት፤ 4,200፣ 8,000፣ 500። 12,700 ብር!

የጀርባ ቦርሳም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ሸውዶኛል። በ1,900 ብር የገዛሁት የመጀመሪያው፣ ማንገቻው ከሥሩ ተገነጠለ። ልዩነቱ እሱ መሰፋት መቻሉ ነው። ሐረር ወጣሁ፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ገና ስትጠጉ ይሰማችኋል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰፊ ቦርሳዬን ገለበጡት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ሳብ አደረጉና «ልጄ፣ ይህ በምራቅ ነው የተጣበቀው» አሉኝ። ከማንገቻው ሥር ቁራጭ ሸራ ደርበው፣ አራት ማዕዘን ሰፍተው፣ መሐሉን በመስቀለኛ አጠነከሩት። 200 ብር።

እዚያው ተቀምጬ አዲስ አዘዝኩ። ሸራው 1,100፣ ጠንካራ ዚፕ 300፣ የእጅ ዋጋ 900፤ በጠቅላላው 2,300 ብር። ልኩን በካርቶን ቆርጬ ሰጠኋቸው፣ 54 በ37 በ19። ክብደቱ ያው 900 ግራም። ዚፕ ላይ አትቆጥቡ፤ ቦርሳ የሚሞተው በዚፑ ነው።

ለኔ ቁም ነገሩ ይህ ሒሳብ ነው። ከሰባቱ ኪሎ ሻንጣው 3.4 ብቻ ይተውላችኋል፣ 4,200 ብሩ ለዚያ ሲካፈል አንዱ ኪሎ 1,235 ብር ወጣበት ማለት ነው። የሸራው ቦርሳ 6.1 ይተዋል፣ አንዱ ኪሎ 377 ብር። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ፣ ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣው ሻንጣ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የሰፊው ዋጋ ያን ያህል አልሮጠም።

ሁለት የተለያየ ትኬት ቆርጣችሁ የምትሄዱ ደግሞ ይህን ስሙ። ለጭነት የተሰጠ ሻንጣ ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን በራሱ አይተላለፍም። ወጥታችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ አለባችሁ፣ ለመውጣት ደግሞ ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁሉን ጀርባው ላይ የያዘ ሰው ግን ሻንጣ ለመቀበል ብሎ መውጣት የለበትም።

ጎማ የሚያስፈልገው ሰው የለም አልልም። እናቴ ብትሄድ ቦርሳ አላሸክማትም። በድሬ ሙቀት ጀርባ ላይ የሚወርደውን ላብም አልክድም፣ ከኤርፖርቱ በር ሳልደርስ ሸሚዜ ይረጥባል። ለእሷ የምገዛው ግን ባለ ሁለት ጎማ የጨርቅ ሻንጣ ነው፣ ጎማው ወደ ውስጥ የገባ። እንዲህ ያለው ሲቀደድ ለመጠገንም ይሻላል፣ ደረቁ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ አበቃ።

ከመያዛችሁ በፊት ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። ፓወር ባንክ ከናንተ ጋር ውስጥ ይገባል እንጂ ለጭነት አይሰጥም፤ 20,000 mAh የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከ100 ወሰን በታች ነው። ማርና ቅቤ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፣ ከ100 ሚሊ በላይ ከሆኑ ፍተሻ ላይ ይቀራሉ። በርበሬና ቡና ችግር የለባቸውም። የድሮ ቦርሳ የምትይዙ ሰዎች ደግሞ ኪሱን ሁሉ ገልብጣችሁ አራግፉ፣ እባካችሁ። እኛ ጋ ከቁም ነገር የማንቆጥረው ገራባ፣ የጫት ትራፊው ቅጠል፣ ዱባይ ላይ ዕፅ ነው፤ እንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጫትን ከልክላለች።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም ታይዋን ገብታችሁ ደረቁን ካላችሁ፣ መንጠልጠያ ሚዛን ይዛችሁ ግቡ። ሻጩ ይስቃል፣ ይሳቅ። ባዶውን ስቀሉት። ከሁለት ኪሎ ተኩል ካለፈ ዋጋውንም አትጠይቁ። ከዚያ የውስጡን ጨርቅ ከፍታችሁ ጎማው በምን እንደተያዘ እዩ። መኪና ግርግር ለምትሄዱ ደግሞ አርብን ተዉት፣ እኔ አርብ ሄጄ ሰፊዎቹ ከጁምዓ እስኪመለሱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ።