በደሴ ለምትሠራ ፋርማሲስት ምስጋናና ጥቆማ

እንደምን ዋላችሁ የሐይቅና የደሴ ልጆች።

ታላቅ ወንድሜ ግሊዮብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ካንሰር ነው የያዘው። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ 30 ጊዜ ጨረር ገባ፣ ቴሞዞሎማይድ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒትም በየወሩ አምስት አምስት ቀን ሲውጥ ከረመ። ሆኖም ተመልሶ ኤምአርአይ ላይ ታየ። ሐኪሙ ሎሙስቲን የሚባል ሌላ የሚዋጥ የካንሰር መድኃኒት አዘዘለት፤ እሱን በሰው እጅ ከውጭ አስመጣነው። 12 ፍሬ፣ በአንዴ አራት። ወረቀቱን ማን በደንብ አነበበው? እንደ ድሮው በተከታታይ የሚዋጥ መስሎናል።

ማታ ሊጀምር፣ ከሰዓት የማስመለሻ ማስታገሻ ልገዛ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለች ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ልጅቱ "ለምን መድኃኒት ነው?" አለች። ነገርኳት። "ስንት ቀን ነው የሚውጡት?" "እስኪያልቅ" ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ አራቱን ዛሬ ማታ አንዴ። ከዚያ 42 ቀን ምንም!"

የ126 ቀኑን መድኃኒት በሦስት ቀን ልናስጨርሰው ነበር። ሰው ይገድላል አለችኝ። እዚያው ካላንደር ላይ ጥቅምት 5ን ከበበችና ኅዳር 17 ላይ ምልክት አደረገች (የኛ ወር 30፣ 30 መሆኑ ለዚህ ጠቀመ)። መድኃኒቱ የደም ሕዋሳቱን ቁጥር የሚያወርደው ዘግይቶ፣ ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ስለሆነ "ደህና ነኝ ቢልም አትመኑት፣ አስመርምሩት" አለች። እውነትም ኅዳር 17 ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) 71 ሺህ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ጋ ደወልን፤ 100 ሺህ እስኪያልፍ ቆዩ አለን።

ሌላም ውለታ አለባት። ቤቫሲዙማብ የሚባለውን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ደርበን እንስጠው ብለን ባጃጁን ልንሸጥ ነበር። ወደ ውጭ ጠራችኝና በፈረንጆቹ 2017 የታተመ የ437 ሕሙማን ጥናት አስረዳችኝ፦ ሁለቱ ሲደረቡ ዕጢው ሳያድግ የሚቆየው ከ1.5 ወደ 4.2 ወር ከፍ ይላል፤ ዕድሜ ግን 9.1 ወር ነው፣ ሎሙስቲን ብቻውን ደግሞ 8.6፤ ያም ልዩነት አይባልም። "የአንጎሉን እብጠት ግን ያቀልለታል፤ ውሳኔው የሐኪሙና የእናንተ ነው።" እንዲህ አፍረጥርጦ የነገረን አልነበረም፤ ሁሉም "አብሽር" ብቻ ነበር። ሐኪሙም ስንጠይቀው ይህንኑ አለ። ባጃጁ አልተሸጠም።

ስሟን አትጻፍ ስላለችኝ ትቼዋለሁ፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር አደርሳለሁ። ጠዋት ወረፋ ስላለ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የሐኪም ወረቀትና የመጨረሻውን የደም ውጤት ያዙ፤ ያለ ወረቀት አንድ ፍሬ አትሰጥም፣ እኔንም ሁለቴ መልሳኛለች።