«እሳት ይችላል» የተባለው ካዝና እርጥበት አልቻለም፦ የ14 ወር ግምገማ

ዝገቱ ከክብሪት እንጨት የማይሰፋ ብርቱካናማ መስመር ነው። የአደን ጠመንጃው አፈሙዝ ምንጣፍ የለበሰውን መደገፊያ የሚነካበት ቦታ ላይ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ይመስላል። ከመስመሩ በላይም በታችም ብረቱ ንጹሕ ነው። መሣሪያው ዝናብ አልመታው፣ ከቤት አልወጣ። ጁላይንና ኦገስትን ተቆልፎ የከረመው 1,100 ዶላር ገደማ በወጣበትና በሩ ላይ «60 ደቂቃ እሳት ይችላል» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት ካዝና ውስጥ ነው።

(በአማርኛ ጥይት የሚሞላበትም ካዝና፣ የብረት ሣጥኑም ካዝና ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሣጥኑ ብቻ ነው።)

ካዝናው ቁመቱ 59፣ ወርዱ 28፣ ጥልቀቱ 20 ኢንች ነው። ገላው 12 ጌጅ ብረት ነው፤ ውፍረቱ 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁልፉ ኤሌክትሮኒክ ነው። የተቀመጠው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤዝመንት ኮንክሪት ላይ። በሩ አልተንጋደደም፣ ማጠፊያው አይጮኽም፣ ቀለሙም አልተላጠም። «24 ጠመንጃ ይይዛል» የሚለው ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ መነጽር የተገጠመላቸው ከሆኑ 12 ከገባ ጥሩ ነው። ስለዚህኛው አልከራከርም። ክርክሬ ስለ እሳቱ ወረቀት ነው።

በዚህ ዋጋ የሚሸጡ ካዝናዎች እሳት የሚችሉት በጂፕሰም ቦርድ ነው፤ የቤት ግድግዳ የሚለበስበት ያው ቦርድ፣ በብረቱና በምንጣፉ መካከል ተቆርጦ የገባ። ከጂፕሰም ክብደት አንድ አምስተኛው ከማዕድኑ ጋር የተሳሰረ ውሃ ነው። የግማሽ ኢንች ቦርድ አንድ ድርብ ብቻ ይህን የሚያህል ካዝና ሲለብስ 34 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 7 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው ማለት ነው። ቤቱ ሲቃጠል ውሃው እንፋሎት ሆኖ እየወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ እስኪያልቅም ድረስ የውስጡን ሙቀት ያዘገየዋል። ዘዴው ይሠራል። ነገር ግን ከእሳቱ የተረፈው ጠመንጃ በእንፋሎት ታጥኖ ነው የሚወጣው። ካዝናው ቀዝቅዞ በተከፈተበት ቀን ካልተወለወለና ዘይት ካልተቀባ፣ እሳቱ የተወውን ዝገቱ ይጨርሰዋል። ይህን የሚናገር ሻጭ የለም።

እዚህ ላይ ለሻጩም ፍርድ አላጓድልም፦ «ቦርዱ ውሃ ያለቅሳል» የሚለው ወሬ እንደሚወራው አይደለም። የተሳሰረው ውሃ በክፍል ሙቀት አይወጣም። ጠመንጃ የሚበላው ሌላው እርጥበት ነው፤ ቦርዱ፣ የቦርዱ ወረቀት፣ ሙጫውና ምንጣፉ ከመጋዘኑ፣ ከጭነት መኪናውና ከቤዝመንቱ አየር የጠጡት። በሩ ሲዘጋ ይህ እርጥበት መሄጃ ያጣና ከመሣሪያው ጋር ያድራል። የበሩ ዙሪያ ማሸጊያ ደግሞ አየር ያግዳል ብላችሁ አትመኑ፤ በብዙዎቹ ላይ የሚለጠፈው በእሳት ጊዜ ብቻ የሚያብጥ ነው። በዘወትር ቀን የቤዝመንቱ ወበቅ እንደልቡ ሲገባበት ይውላል።

ከሁሉ የባሰው ወለሉ ነው። ኮንክሪት ከአየሩ ይቀዘቅዛል፤ በላዩ የተቀመጠው ብረትም አብሮት ይቀዘቅዛል። 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 75 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ 18 ዲግሪ ብረት ሲነካ እርጥበቱ ወደ 96 በመቶ ይደርሳል። አንድ ጠብታ ውሃ ሳይታይ ዝገት ይጀምራል። የእርጥበት መለኪያውን ላይኛው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን አያየውም። በዚህ ካዝና ውስጥ በአንድ ቀን ላይኛው መደርደሪያ 52 ሲያሳይ ወለሉ ላይ የተቀመጠው 71 አሳይቷል። መለኪያው 10 ዶላር አይሞላም። ሁለት ግዙና አንዱን ታች፣ ከኋላ ጥግ አድርጉት።

አሁን ሻጩ «ወንድሜ፣ የሲሊካ ከረጢት አብሮት ይመጣል እኮ» ይላል። የሚመጣው የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ነው። ሲሊካ ጄል ቢበዛ ከክብደቱ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆን ውሃ ይጠጣል፤ 50 ግራም ከረጢት ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አያነሣም። ለእንዲህ ያለ ካዝና 750 ግራም የሚይዘው፣ ቆርቆሮ ሣጥን ያለው ዓይነት ያስፈልጋል። ጠቋሚ ፍሬዎቹ ቀለም ሲቀይሩ (እንደ ዓይነቱ ከብርቱካን ወደ አረንጓዴ ወይም ከሰማያዊ ወደ ሮዝ) ሣጥኑ ላይ በተጻፈው ሙቀትና ሰዓት ኦቭን ውስጥ ይደርቅና ይመለሳል። የፕላስቲክ ሣጥን ያለውን ግን ኦቭን ውስጥ እንዳትከቱት።

ለቁም ሣጥን የሚሸጠው ባልዲ መሳዩ፣ ነጭ ጨው ያለበትና ውሃውን ከሥሩ የሚያጠራቅመው፣ ጠመንጃ ባለበት ጨርሶ አይገባም። ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ የሚያጠራቅመውም ተራ ውሃ ሳይሆን የጨው ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ከተደፋ ምንጣፉ ውስጥ ይቀርና ብረቱን ከሥሩ ይበላዋል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንጉስ? ይሠራል፤ ግን ውሃ አያስወግድም። አየሩን ጥቂት ሞቅ አድርጎ ያዘዋውረዋል፤ ብረቱ ከአካባቢው ትንሽ ስለሚሞቅ ጤዛ አይዝበትም። ቦታው ታች፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አግድም ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የሚሰቅሉት ጣሪያውን ነው የሚያሞቁት። ሶኬቱ ከሽቦው ስለሚነቀል በትንሿ ቀዳዳ ይሾልካል፤ ከዚያ በሽቦው ዙሪያ የቀረው ክፍተት በሲሊኮን መደፈን አለበት። የዚህ ካዝና ቀዳዳ ከፋብሪካ ክፍቱን ነው የመጣው፤ መክደኛ የለው፣ መመሪያው ላይም አንድ መስመር የለም። ሲሊካው ደግሞ ዘንጉ አጠገብ አይቀመጥም፤ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል።

የሠራው መፍትሔ ከነቅደም ተከተሉ ይኸው። ካዝናው ባዶውን፣ በሩ ተከፍቶ፣ የቤዝመንቱ እርጥበት ማስወገጃ ማሽን 45 በመቶ ላይ ተደርጎ ሦስት ቀን ደረቀ። ከዚያ ከኮንክሪቱ ተነሣ፤ በአራቱ ማዕዘን የበረዶ ሆኪ መጫወቻዋ ጠፍጣፋ ጎማ ተነጠፈ። ጎማዋ 3 ኢንች ስፋትና 1 ኢንች ውፍረት አላት፤ ውሃ አትጠጣም፣ ክብደትም ትችላለች። መሀሏ ተበስቶ ብሎኑ በውስጧ ያልፋል። ባዶው ካዝና ከ200 ኪሎ በላይ ስለሆነ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፦ አንዱ በረጅም ብረት ያነሣል፣ ሌላው ጎማዋን በእንጨት ይገፋል። ጣት ከሥሩ አይገባም፣ በሩም ተቆልፎ ነው የሚነሣው። ተከፍቶ ከተነሣ የበሩ ክብደት ወደፊት ይገለብጠዋል።

ብሎኑ ግማሽ ኢንች የኮንክሪት ብሎን ነው፤ ጎማውንና የካዝናውን ወለል ቆጥራችሁ ርዝመቱን 5 ኢንች ተኩል አድርጉት። 3 ኢንች ያህል ኮንክሪት ውስጥ ይገባል። የቤዝመንት ወለል ብዙ ጊዜ 4 ኢንች ስለሆነ፣ የድሪሉ ጫፍ ላይ 3 ኢንች ተኩል ላይ ቴፕ ጠቅልሉና እዚያ አቁሙ። ወለሉን አልፋችሁ ከሥሩ ያለውን ላስቲክ ከቀደዳችሁ ከመሬት እርጥበት ጠራችሁ ማለት ነው። ከዚያም ዱቄቱን ከጉድጓዱ በቫኪዩም ምጠጡ፤ ዱቄት ያለበት ብሎን አይነክስም። ወለሉ በውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለበት ከሆነ (ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ወለሉ ላይ ታትሞ ይገኛል) ባለሙያ ሳይመረምረው ድሪል አይነካውም። መታሰሩ ደግሞ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ያልታሰረ ካዝና በጀርባው ከተጋደመ ሁለት ሰው በረጅም ብረት በሩን ይፈለቅቀዋል። «አር ኤስ ሲ» (የመኖሪያ ቤት ካዝና ደረጃ) የሚለው፣ ዩ ኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት መፈተሻ ድርጅት የሚሰጠው ምልክት በመጀመሪያ ደረጃው፣ አንድ ሰው በተራ የእጅ መሣሪያ ለ5 ደቂቃ ታግሎ አልከፈተውም ማለት ነው። ለ5 ደቂቃ ብቻ።

ዛሬ ታችኛው መለኪያ ከ44 እስከ 48 ባለው ውስጥ ነው። ዝገቷን በተመለከተ፦ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መተው፣ ከዚያ አራት ዜሮ የተጻፈበትን ልስልስ የብረት ሱፍ ሳይጫኑ ማሸት፣ ከዚያ መወልወል። የብረቱ ጥቁር ቅብ ተርፏል፤ መስመሯ ግን በጥፍር ስትዳሰስ ትታወቃለች። መደገፊያው ላይ ያለው ምንጣፍ ተላጦ በምትኩ ቀጭን ጎማ ተለጥፏል። ስፖንጅ ባለበት ሻንጣ ወይም በቆዳ ማኅደር ውስጥ እንዳለ ሽጉጥ ካዝና ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ዝገቱን በገዛ እጁ እያለበሰው ነው፤ ስፖንጁ ላብና እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳው ደግሞ የተለፋበት ጨው አለበት።

ስለ ቁልፉ አጭር ነገር። ቁጥሩ ገብቶ፣ ድምፅ አሰምቶ፣ ሞተሩም ጮኾ እጀታው የማይዞር ከሆነ ተበላሸ ብላችሁ ወደ ቁልፍ ሠሪ አትሩጡ። ከውስጥ በሩን የሚገፋ ነገር አለ፤ የበር ኪስ፣ የጠመንጃ ሰደፍ፣ ያበጠ ምንጣፍ። መቀርቀሪያዎቹ የቁልፉን ምላስ ተጭነው ይዘውታል። እጀታውን ወደ መዝጊያው አቅጣጫ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ቁጥሩን አስገቡ፣ ከዚያ ወደ መክፈቻው አዙሩ። ባትሪው ባለ 9 ቮልት አልካላይን ነው፤ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ መቀየር ለማስታወስም ይመቻል፣ ወበቁም የሚያበቃው ያኔ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ቁጥር በሩ ክፍት እያለ ይቀየርና፣ በሩ ሳይዘጋ አምስት ጊዜ ይሞከራል። የትውልድ ዓመት አታድርጉት፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው። ቤታችን ደግሞ የራሳችን ልጆች ብቻ ያሉበት አይደለም፤ ቡና ሲፈላ የጎረቤቱም የዘመዱም ልጅ ቤዝመንት ነው የሚጫወተው። ሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ ማስቀመጥን ትከለክላለች፤ እስከ 2023 ኦክቶበር 1 ድረስ ዕድሜው 16 ነበር።

ጥይቱ እዚህ ካዝና ውስጥ የለም። ከፊሉ ምክንያት ክብደት ነው፤ 1,000 የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት 12 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን መደርደሪያው ይጎብጣል። ዋናው ግን ልጅ አንዱን ቁልፍ ቢያገኝ ሌላውን እንዳያገኝ ነው። ክዳኑ ጎማ ያለው የወታደር ጥይት ሣጥን፣ ውስጡ አንድ ትንሽ የሲሊካ ከረጢት፣ በሌላ ቁልፍ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ውስጥ። ካርቶኑ እርጥበት ስለሚጠጣ ቀድሞ ደረቅ ቦታ ይክረም። እሳት ቢነሣ ሣጥን ውስጥ ያለ ጥይት ይፈነዳል፣ ቀለሁም ይበታተናል፤ ሆኖም እርሳሱ ከአፈሙዝ እንደወጣ አይበርም። ጠመንጃ ውስጥ የጎረሰው ግን ሰው እንደተኮሰው ሆኖ ይወጣል። «ካዝና ውስጥ ስለሆነ ጎርሶ ቢቀመጥ ምንም አይደል» የሚሉ ሰዎች ይህን ያስቡበት።

ዳግም ብገዛ? ይህን አልገዛም። በዚያው ገንዘብ የእሳት ቦርድ የሌለው፣ ገላው 10 ጌጅ (3.4 ሚሊ ሜትር ገደማ) የሆነ ካዝና እፈልጋለሁ። የምጠብቀው ብረት ነው፤ ፓስፖርትና የቤት ውል ለብቻው ትንሽ የእሳት ሣጥን ይበቃቸዋል። ሻጩ ወደ እሳቱ ወረቀት ሲያመለክት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ማን ፈተነው፣ እሳቱ ስንት ዲግሪ ነበር፣ ሲያበቃስ ውስጡ ስንት ዲግሪ ደረሰ? ብዙ ጊዜ የፈተነው ራሱ አምራቹ ነው። ከዚያ በሩን ክፈቱና ምንጣፉን ከታች ጥግ በኩል ገለጥ አድርጋችሁ ቦርዱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከቀዘቀዘና ከለሰለሰ ካዝናው ከመጋዘን ጀምሮ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነው።