«ይሄን አልሠራልህም» ላሉኝ ቲቪ ሠሪ ምስጋና

ጅማ ያላችሁ ሰዎች ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን አንድ ቲቪ ሠሪ ትልቅ ውለታ ዋሉልኝ። ውለታቸው የጀመረው ደግሞ «ይሄን አልሠራልህም» ብለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴና ጎረቤታችን እትዬ የአንድ ዕቁብ ሰዎች ናቸው። የዛሬ አራት ዓመት ዕጣው ተከታትሎ ሲወጣላቸው አብረው ሄደው አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን ገዙ። 43 ኢንች ነው፤ ሞዴሉ ሳይቀር አንድ ነው። ባለፈው ወር የእትዬ የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ ኳስ ሲጫወት የነሱን ስክሪን መታው። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። መሐሉ ላይ ቀለም የተደፋበት ይመስል ጠቆረ። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ እትዬ ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አውጥተውት አየሁ። የቀረበላቸው ዋጋ ለአንድ ቀን አስቤዛ እንኳን አይበቃም። አንጀቴን በላኝ።

«እትዬ፣ ለኔ ይስጡኝ። የሚሠራ ከሆነ አሠርቼ አመጣዋለሁ። ካልሆነም የሚያወጣውን አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ውሰደው ልጄ፣ ቦታ ከሚይዝብኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ሱቅ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ሠሪው ሳይከፍተው፣ ሶኬት ላይ እንኳን ሳይሰካው፣ «ስክሪኑ ይቀየራል፣ ቀብድ ክፈል» አለኝ። ስክሪኑ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቀው «እሱን ለኛ ተወው» አለ። ይዤው ወጣሁ። ማታ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሕርማታ በኩል ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ጠቆመኝ።

እዚያ ያሉት ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ቴሌቪዥኑን ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አጋድሜ ማምጣቴን ሲያዩ ገና ሰላም ሳንባባል ተቆጡኝ። ፍላት ቲቪ ተኝቶ አይሄድም፣ ቆሞ ነው የሚሄደው። ሲጋደም መንገዱ ባነጠረው ቁጥር ስስ የሆነው መስታወት መሐሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ይሄን ከሳቸው ነው የተማርኩት።

ብርድ ልብስ ዘርግተው፣ በግንባሩ ደፍተው፣ እያየሁ ከፈቱት። ሥራቸውን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ምንም ነገር ከመጋረጃ ጀርባ አይሠሩም።

«ይሄ መስታወት መሸፈኛ እንዳይመስልህ» አሉኝ። «ሥዕሉን የሚሠራው ራሱ ነው።»

ለካ ሁለት ስስ መስታወቶች ናቸው። በመሐላቸው ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ስክሪኑ ላይ 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉ። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ፈሳሹ ቦታውን ይለቃል፤ ያ የጠቆረው እሱ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ ፊልም የሳሱ ገመዶች በሙቀት ተጣብቀውበታል። አይበየድም፣ በማስቲሽም አይያዝም። ያለው መንገድ ሙሉውን ፓኔል፣ ማለትም መስታወቱን ከነገመዶቹ፣ መቀየር ብቻ ነው።

«መቀየር እችላለሁ» አሉኝ። «ግን የፓኔሉ ዋጋ ብቻውን ከአዲስ ቴሌቪዥን ብዙም አያንስም። ያን ከፍለህ ደግሞ አራት ዓመት የሠራ ቦርድ፣ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ነው የሚቀርህ። ነገ እሱ ቢቃጠልስ? ይሄን አልሠራልህም።»

ቀብድ መቀበል ይችሉ ነበር። እኔም ለመክፈል ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አልተቀበሉም። ላዩበት ብዬ ልሰጣቸው ስልም እጄን መለሱት።

«እንግዲያስ ይጣል?» አልኳቸው።

«የሞተው ስክሪኑ ነው። ሌላው ደህና ነው።» ሰክተው አሳዩኝ። ድምፅ አለ፣ ስለዚህ ዋናው ቦርድ ይሠራል። ከስንጥቁ ጀርባ ነጭ ብርሃን ይታያል፣ ስለዚህ ፓወሩም ባክላይቱም፣ ማለትም ከስክሪኑ ኋላ ያለው መብራት፣ ደህና ነው። ቦርዶቹን እሳቸው ሊገዙኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ።

ባክላይት ሲሉ የእናቴ ቴሌቪዥን ትዝ አለኝ። ሁለት ወር ሆኖታል፤ ድምፅ አለው፣ ሥዕል የለውም። እኛ ስክሪኑ ተቃጥሏል ብለን ትተነው ነበር። እናቴ ዜናዋን እንደ ሬዲዮ ነበር የምትሰማው። ስነግራቸው «ማታ መብራት አጥፉና የስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ በሰያፍ አብሩበት» አሉኝ። ማታ ሞከርነው። የዜና አንባቢው ፊት ድብዝዝ ብሎ ታየ! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ ባትሪውን ከእጄ ተቀብላ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ሥዕሉ እዚያው ነበር፤ የጠፋው ከኋላው ያለው መብራት ነው።

በማግስቱ የሷንም ወሰድኩት፣ አቁሜ። ጋሼ ፓኔሉን በጥንቃቄ አነሱ። ከሥሩ ያሉትን ነጫጭ ላስቲኮች በተራቸው አስቀመጡ። ከዚያ ሥር በረድፍ የተደረደሩ ትናንሽ አምፖሎች አሉ። አንዷ ጠቁራለች። ተያይዘው ስለተሠሩ አንዷ ስትሞት ሁሉም ይጠፋሉ። የእትዬን ቴሌቪዥን አምፖሎች አወጡ፣ በላያቸው የተጻፈውን ቁጥር ከእናቴ ቴሌቪዥን አምፖሎች ጋር አመሳከሩ። አንድ ሆነ። ሙሉውን ቀየሩት።

ይሄንንም አልደበቁኝም፤ «አምፖሎቹ ያገለገሉ ናቸው፣ እንደ አዲስ ዕድሜ አትጠብቁባቸው። አዲስ ከፈለጋችሁ ላስመጣ» አሉ። እኛ ባለው ተስማማን። ባክላይቱን ከሙሉ ዝቅ እንድናደርግ መከሩን፤ በሙሉ ብርሃን ሲሠራ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቃጠላል። መብራት ሲሄድም ከሶኬት መንቀል ነው። ክረምት ላይ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ብዙ የተቃጠለ ፓወር ቦርድ እንደሚመጣላቸው ነገሩኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ ልበላችሁ። እኔ ለማየት ጎንበስ ብዬ ጣቴን ወደ ቦርዱ ሳስጠጋ እጄን ያዙኝ። ከሶኬት ቢነቀልም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በካቻቢቴ የምትሞክሩ፣ እባካችሁ ተዉት። በስልክ ባትሪ እስከማየት ድረስ ብቻ ይበቃል።

የከፈልኩት የእጃቸውን ብቻ ነው። ለሁለቱ ቦርዶች ደግሞ እሳቸው ከፈሉኝ። ብሩን ለእትዬ ስሰጣቸው ቆራሌው ካላቸው በእጥፍ የሚበልጥ ስለሆነ ደነገጡ። አሁን ማታ ማታ እኛ ቤት ነው የሚያዩት። ቡናው በተራ ነው፤ አንድ ቀን እናቴ ታፈላለች፣ አንድ ቀን እሳቸው ቆልተው ይመጣሉ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም መርቃዎታለች።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጻፍኩም፤ አላስፈቀድኳቸውም። የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝና ሱቁን እጠቁመዋለሁ። አርብ በጁምዓ ሰዓት ዝግ ስለሆነ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ።