ዳታቤዙ ሲንቀራፈፍ በምን እንመርምረው? ነጻው፣ የክላውዱ ወይስ በወር የሚከፈልበት

ዘንድሮ ብቻ ስድስት ጓደኞቼ ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። ሁሉም ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ አማዞን አርዲኤስ (አማዞን ዳታቤዝ የሚያከራይበት የክላውድ አገልግሎት) ላይ የሚያሠሩ ናቸው። «ሲስተሙ ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል፤ የትኛውን መከታተያ እንግዛ?» ይላሉ። በየስልኩ ያንኑ ከምደጋግም ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ የሚመጣውን፣ እያንዳንዱ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ስንት ጊዜ እንደተጠራና ምን ያህል እንደፈጀ የሚመዘግበውን ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን በደንብ ሳትጠቀሙበት ለማንም አንድ ዶላር አትክፈሉ።

ይህን የምለው ገንዘብ አውጥተን ስላየሁት ነው። የምሠራበት ድርጅት ውስጥ ደንበኛን በስልክ ቁጥር የሚፈልገው ገጽ አራት ሰከንድ ይፈጅ ነበር። የጥሪ ማዕከል ልጆቹ በየጥሪው «ትንሽ ይታገሱኝ» እያሉ ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቁ ይውላሉ። እኛም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ ማሽኑን አሳደግነው። በአማዞን የሰሜን ቨርጂኒያ ማዕከል ዋጋ ኤም5 ላርጅ የሚባለው ማሽን በሰዓት 0.178 ዶላር ነው፤ በወር 130 ዶላር ገደማ ይሆናል። ወደ ኤም5 ቱኤክስላርጅ ስንወጣ በሰዓት 0.712 ሆነ፤ በወር 520 ማለት ነው። የ390 ዶላር ጭማሪ! ፍለጋው ከአራት ሰከንድ ወደ ሦስት ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

390 ዶላር እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ግን ሂሳቡን ልሥራው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ በ57 ብር ሂሳብ 22 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ዶላር 120 ብር ሲገባ ያው 390 ዶላር 47 ሺህ ብር ተጠጋ። ማሽኑ ያው፣ ኩዌሪው ያው፣ ዝግመቱም ያው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ለማግኘት የሚኬደውን መንገድ ሳንቆጥር ነው ይሄ።

ቀጥሎ የአንድ መከታተያ የዓመት ውል ገዛን። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የሚያምር ዳሽቦርድ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ። አንድ ቀን ማታ ከሥራ በኋላ ዳሽቦርዱን በአንድ መስኮት፣ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን በሌላ መስኮት ከፍቼ ረድፍ በረድፍ አስተያየሁ። ቁጥሮቹ እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ናቸው። የጥሪ ብዛቱ፣ ጠቅላላ ጊዜው፣ አማካዩ፣ ምንም የተጨመረ የለም። በነጻ የተሰጠንን ቀለም ቀብቶ መልሶ ሸጦልናል። እንዲህ ዓይነት ቅጂ ገበያው ላይ ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ነጻውን እወቁት የምለው። ዋናውን የማያውቅ ሰው ቅጂውን ከዋናው መለየት አይችልም።

የእኛን ችግር የፈታው ያ ነጻው መስኮት ነው። ዝርዝሩን በጠቅላላ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ስደረድረው አንደኛ የወጣው የደንበኛ ፍለጋው ነበር። ኩዌሪውን ገልብጬ፣ ዳታቤዙ በምን መንገድ እንደሠራው በሚያሳየው ኤክስፕሌይን አናላይዝ አስሮጥኩት፤ ምን ያህል መረጃ እንዳነበበ የሚያሳየውን ባፈርስንም ጨመርኩበት። የወጣው ዕቅድ ሴክ ስካን ይላል። ከ3 ሚሊዮን በላይ ረድፍ አንድ በአንድ አንብቦ፣ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ጥሎታል። ስልክ ቁጥሩ ላይ ደግሞ ኢንዴክስ (ሁሉን ሳያነቡ ረድፉን የሚያገኙበት ማውጫ) አለ! ዓይኔን ወደ ማጣሪያው መስመር ሳወርድ ገባኝ፤ ስልክ ቁጥሩ «አፐር» በሚል ፈንክሽን ተጠቅልሏል። መተግበሪያችን በተጻፈበት ጃንጎ ላይ አይኤግዛክት (ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳትለይ አወዳድር) ብላችሁ ስትፈልጉ ሁለቱንም ወገን ወደ ትልቅ ፊደል ቀይሮ ነው የሚያወዳድረው፤ ዓምዱ በፈንክሽን ሲጠቀለል ተራው ኢንዴክስ አይሠራም። ስልክ ቁጥር ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው? የደንበኛው ስም እንኳ የተመዘገበው በፊደላችን ነው፤ ሀ ትልቅ ትንሽ የላትም። ዳታቤዙ በየጥሪው 3 ሚሊዮን ረድፍ ላይ የማይለወጥ ነገር ሲለውጥ ይውል ነበር ማለት ነው። አይኤግዛክትን ወደ ኤግዛክት ቀየርነው። አንድ ቃል። አራት ሰከንዱ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ገባ፤ ማሽኑን ወደ ላርጅ መለስነው።

እንግዲህ ወደ ንጽጽሩ።

ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ዋጋው ዜሮ ነው። በአዳዲሶቹ የአርዲኤስ ፖስትግሬስ ስሪቶች ቀድሞ ተጭኖ ስለሚመጣ «ክሪኤት ኤክስቴንሽን» ማለት ብቻ ይበቃል። ካልተጫነ ግን ልፋት አለው፦ የአማዞኑ መነሻ ፓራሜትር ግሩፕ (የዳታቤዙ ቅንብሮች ስብስብ) አይነካም፤ የራሳችሁን ፈጥራችሁ፣ አያይዛችሁ፣ ማሽኑን ሪቡት ማድረግ ግድ ነው። ይህን ዓርብ ከሰዓት አትሞክሩት። ከሁሉ በላይ የምወድለት በጠቅላላ ጊዜ መደርደሩን ነው። ብዙ ሰው የሚያድነው ሦስት ሰከንድ የሚፈጀውን አንድ ኩዌሪ ነው። አራት ሚሊሰከንድ የሚፈጅ፣ ግን በሰዓት 400 ሺህ ጊዜ የሚጠራ ኩዌሪ ማንም አያየውም፤ አስሉት፣ በየሰዓቱ 1,600 ሰከንድ ይበላል። አንድ ሰከንድ ያለፈውን ብቻ የሚመዘግብ ሎግ እሱን ዕድሜውን ሙሉ አይጽፈውም።

ሎግ ካልን አይቀር ስለ ዋጋው ላስጠንቅቅ። ሎጉን ወደ ክላውድዋች (የአማዞን የሎግ ማከማቻ) የምትልኩ ከሆነ አንድ ጊጋባይት ለማስገባት 0.50 ዶላር ነው። አንድ ወዳጄ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ የሎጉን ገደብ ዜሮ አደረገው፤ ማለትም ሁሉም ኩዌሪ ይጻፍ አለ። በቀን 40 ጊጋባይት ይወጣ ነበር፤ 20 ዶላር በቀን። ያስታወሰው ቢሉ ሲመጣ ነው። ከ500 ሚሊሰከንድ በላይ የፈጀው ይጻፍ ብላችሁ ጀምሩ፤ አውቶ ኤክስፕሌይንንም በዚያው ገደብ ጨምሩበት፤ ዕቅዱን ራሱ ሎጉ ላይ ያስቀምጥላችኋል። የእሱን አናላይዝ የሚባል ምርጫ ከከፈታችሁ ግን ታይሚንግ የሚባለውን ዝጉት፤ የእያንዳንዱን ደረጃ ሰዓት መለካቱ ራሱ ማሽኑን ያደክማል።

የክላውዱ የራሱ መሣሪያ፣ ማለትም በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣውና የፐርፎርማንስ ኢንሳይትስ ተተኪ የሆነው ዳታቤዝ ኢንሳይትስ፣ የ7 ቀን መረጃ በነጻ ይሰጣል። የ15 ወር ታሪክ ከፈለጋችሁ የሚከፈልበት አለ፤ ሂሳቡ በማሽኑ ቪሲፒዩ (ፕሮሰሰር) ብዛት ስለሆነ ትልቅ ማሽን ያለው የበለጠ ይከፍላል። እኔ 7 ቀኑ በቅቶኛል። የሚበልጥበት ቦታ አንድ ነው፤ እሱም ትልቅ ነው፦ ኩዌሪው ምን እየጠበቀ እንደቆመ ያሳያል። ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ «ይህ አፕዴት 40 ሰከንድ ፈጀ» ይላችኋል፤ 39ኙን ሰከንድ ሌላ ሰው በረድፉ ላይ የያዘው ቁልፍ (ሎክ) እስኪለቀቅ ሲጠብቅ እንደነበር አይነግራችሁም።

ይህ እኛ ጋ ደርሷል። ባልደረባችን በላፕቶፑ ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ አንድ ረድፍ አስተካክሎ፣ ኮሚት (ለውጡን አጽድቅ) ሳይል ለምሳ ወጣ። ክፍያዎቹ ሁሉ ተሰለፉ። የክላውዱ ግራፍ ላይ ቁልፍ የሚለው ቀለም ሽቅብ ሲወጣ ነው በዚያች ቅጽበት ማን ምን እያሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ከፍተን ሰውየውን ያገኘነው። አርዲኤስ ላይ ሥራ ፈትቶ የተከፈተ ትራንዛክሽንን የሚያቋርጠው ገደብ መነሻው 24 ሰዓት ነው። ዛሬውኑ ወደ አምስት ደቂቃ አውርዱት፤ ይህም ነጻ ነው።

ጎግል ክላውድ ኤስኪውኤል ላይ ላላችሁ ኩዌሪ ኢንሳይትስ በነጻ ስላለ መጀመሪያ እሱን አብሩት።

ከሚከፈልባቸው ሁለቱን አይቻለሁ። ዳታዶግ የዳታቤዝ ክትትሉን በአንድ ዳታቤዝ ሰርቨር በወር 70 ዶላር ይሸጣል፤ ያውም በዓመት ውል። አርዲኤስ ላይ ኤጀንት (መረጃ ሰብሳቢ ፕሮግራም) መጫን ስለማይቻል ኤጀንቱ የሚቀመጥበት ሌላ ማሽን ታዘጋጃላችሁ፤ እሱም ሌላ ወጪ ነው። መተግበሪያችሁን በዳታዶግ የምትከታተሉ ከሆነ ጥያቄው ከገጹ እስከ ኩዌሪው በአንድ ክር ስለሚታይ ትርጉም አለው፤ ለዳታቤዝ ብቻ ብላችሁ ግን አትግቡበት። ፒጂአናላይዝ ከ149 ዶላር ይጀምራል፤ ውድ ነው፤ ግን ቅጂ አይደለም። ዕቅዶቹን ከአውቶ ኤክስፕሌይን ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ የጎደለ ኢንዴክስ ይጠቁማል፤ ቫኪዩም (የተሰረዙ ረድፎችን ማጽዳት) የት እንደተጓተተ ያሳያል። አሥር ዳታቤዝና አራት ባለሙያ ያለው ድርጅት ቢጠይቀኝ ይህን ግዙ እለዋለሁ። አንድ ዳታቤዝ ላለው ጓደኛዬ ግን በወር 52 ዶላር ገደማ የሚከፈልበትን ቲ3 ሚዲየም ለመመርመር 149 ዶላር ክፈል ማለት በሬውን ለማሳከም ሁለት በሬ መሸጥ ነው።

የሚከፈልባቸው በዋናነት የሚሸጡት ታሪክ ነው፤ የነጻው ቁጥር ካለፈው ሪሴት ጀምሮ የተጠራቀመ ድምር ስለሆነ «ትናንት 9 ሰዓት ላይ ምን ነበር» ስትሉት አያውቅም። ይህን እኛ በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ በሚያስነሳው ፒጂ ክሮን ሞላነው። በየአሥር ደቂቃው ሠንጠረዡን ከነሰዓቱ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ይገለብጣል፤ 30 ቀን ያለፈውን ያጠፋል። ሁለቱን ቅጂዎች ስትቀናንሱ የዚያ አሥር ደቂቃ ሥራ ይወጣላችኋል። ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሠንጠረዥ ማንበብ የሰለቸው ፒጂሂሮን ይጫን፤ እሱም ነጻ ነው።

ሁለት ነገር ግን ከነጻውም ከሚከፈልበትም ኩዌሪ ዝርዝር ውስጥ አታገኙም። አንደኛው ዲስኩ ነው። የቆየ ዳታቤዝ ካላችሁ ዲስኩ ጂፒ2 የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጂፒ2 በጊጋባይት 3 አይኦፒኤስ (በሰከንድ የሚያነበውና የሚጽፈው ብዛት) ነው የሚሰጠው፤ ከ100 ግን አይወርድም፤ ስለዚህ የ20 ጊጋባይት ዲስክ ቋሚ አቅሙ 100 ብቻ ነው። ጠዋት ባጠራቀመው ክሬዲት እስከ 3,000 ድረስ ይሮጣል፤ ክሬዲቱ ሲያልቅ ሁሉም ኩዌሪ አብሮ ይንቀራፈፋል። «ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል» ካሉኝ ስድስቱ ሁለቱ ይህ ነበር የገጠማቸው። ጂፒ3 ከመነሻው 3,000 ይሰጣል፤ ዋጋው በሰሜን ቨርጂኒያ ያው 0.115 ዶላር በጊጋባይት በወር ነው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ! ስትቀይሩ ዳታቤዙ አይቆምም፤ ግን ቀጣዩን የዲስክ ለውጥ ለማድረግ ሰዓታት ልትጠብቁ ትችላላችሁና መጠኑንም የምታሳድጉ ከሆነ አብራችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ ዳታቤዙ ፍራንክፈርት ከሆነ በርቀቱ ብቻ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። አንድ ገጽ ለመክፈት 50 ኩዌሪ ተራ በተራ የሚልክ ኮድ ካላችሁ፣ ኩዌሪዎቹ በአንድ ሚሊሰከንድ ቢያልቁም ተጠቃሚው ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ይጠብቃል። መከታተያው «ዳታቤዙ ጤነኛ ነው» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው።

አሁንም መግዛት አለብን ካላችሁ ዳታዶግም ፒጂአናላይዝም የ14 ቀን ሙከራ ይሰጣሉ። ሙከራውን ዳሽቦርድ በማድነቅ አትጨርሱት። የመለማመጃ ዳታቤዝ ላይ ሦስት ነገር አድርጉ፦ ትራንዛክሽን ከፍታችሁ አንድ ረድፍ ቆልፉና በሌላ መስኮት ያንኑ ረድፍ ለማስተካከል ሞክሩ፤ አንድ ሚሊሰከንድ የማይሞላ ኩዌሪ 100 ሺህ ጊዜ ጥሩ፤ አንድ ከባድ ኩዌሪ ደግሞ በስቴትመንት ታይምአውት (የኩዌሪ የጊዜ ገደብ) እንዲቋረጥ አድርጉ። ሦስተኛው ዋናው ነው። ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የሚመዘግበው ተሠርቶ ያለቀውን ኩዌሪ ብቻ ስለሆነ፣ ተቋርጦ የቀረው ከእሱ በተቀዳ ዳሽቦርድ ላይ ፈጽሞ አይታይም፤ ተጠቃሚውን ያስለቀሰው ኩዌሪ ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሦስቱንም አውጥቶ ያሳያችሁ መሣሪያ ከነጻው በላይ የጨመረው ነገር አለና ስለ ዋጋው ተነጋገሩ። አንዱን እንኳ ከዘለለ የካርዳችሁን ቁጥር አትስጡት።