ከአራት ኪሎ ፒያሳ በብስክሌትና በእግር፦ የመንገዱ ግምገማ

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከታደሱት መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ለእግረኛ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከመኪና ጋር መጋፋት ቀርቷል።

ለብስክሌተኛ ግን ገና ይቀረዋል። ቀጥታው ላይ ችግር የለም፤ ፈተናው መታጠፊያው ነው። የማዕዘኑ ጠርዝ ኩርባው ሰፊ ሲሆን ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሹፌር ፍጥነት አይቀንስም፤ ከጎኑ ቀጥ ብሎ የሚያልፈውን ብስክሌተኛም አያየውም። ማስተካከያው ውድ አይደለም፦ ኩርባውን ማጥበብ፣ ማቋረጫውንም ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ማድረግ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍም የብስክሌቱን መስመር ይይዘዋል (ሰልፈኛው ምን ያድርግ፣ ቦታ አልተተወለትም)። ብስክሌት በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድበት መስመር ቢያንስ 2.5 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ ሰልፍ ሲገባበት ለመተላለፍ አይበቃም።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ዝናብ ሲጥል ጥንቃቄ ይሻል። እርጥብ ንጣፍና የጉድጓድ የብረት ክዳን ያንሸራትታሉ። ፍሬን የሚያዘው ክዳኑ ጋ ሳይደረስ፣ መሪው ቀጥ እንዳለ፣ በሁለቱም እጅ ቀስ እየተባለ ነው፤ ክዳኑ ላይ የፊቱን ፍሬን መጨምደድ ይጥላል። ጎማው 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭን ጎማ የፍሳሽ መውረጃ ፍርግርግ ውስጥ ይቀረቀራል። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ያለው ዳገት ቀላል ማርሽ ለሌለው ብስክሌት ከባድ ነው፤ ወርዶ መግፋት ይሻላል።