ፒያሳ ላለው ላፕቶፕ ጠጋኝ ምስጋና፣ እየዞራችሁ ለምትጽፉም ጥቆማ

ሐዋሳ ተቀምጣችሁ በጽሑፍና በትርጉም ሥራ ለምትተዳደሩ፣ በተለይ ዛሬ ዲላ ነገ ይርጋለም ለምትባሉ፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ ጠባብ የላፕቶፕና የስልክ ጥገና ቤት አለችው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ «ያለውንም ሥራ አልደረስኩበት» ነው የሚለው። እኔም ስሙን ትቼ ሥራውን ላመስግን።

ላፕቶፕ ፍለጋ የዞርኩባቸው ሱቆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በጀትሽ ስንት ነው?» ብለው ነበር። አንዱማ ለጌም የተሠራ፣ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ የሚያክል ማሽን ሊያሸክመኝ ምንም አልቀረው። ይሄ ልጅ ግን «እህቴ፣ ብዙ ጊዜ የምትጽፊው የት ሆነሽ ነው?» አለኝ። መኪና ውስጥ፣ የሆቴል በረንዳ ላይ፣ መብራት በሄደበት ቤት፣ አልኩት። «ቪዲዮ ታቀናብሪያለሽ?» አላቀናብርም። «እንግዲያው ብርሽን ግራፊክስ ካርድ ላይ አታፍስሺው። ባትሪ፣ ኪቦርድና ክብደት ላይ አውዪው።»

ያስመረጠኝ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሞዴል መሆኑን ስሰማ ፊቴ ሳይቋጠር አልቀረም መሰለኝ፣ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ማሽኑ ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀመጥ፣ ሌላው ከኋላ የሚነቀል። የውጪው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳታጠፉ ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ፤ እስከዚያው የውስጡ ይዞ ያቆየዋል። የሚነቀለው ባለ 24፣ ባለ 48 እና ባለ 72 ዋት ሰዓት አለ። እኔ ትልቁን ወሰድኩ። ከሥር ጉብ ስለሚል ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ያስቸግራል፤ ይርጋለም መብራት ሲሄድ ግን ጉብታው ትዝ አይለኝም። በዚያ ላይ ቻርጅ የሚደረገው በዩኤስቢ ሲ ስለሆነ አቅም ያለው ፓወር ባንክም ይሞላዋል። «የስልኩ ሁሉ አይሆንም፣ ፒዲ (በዩኤስቢ ሲ ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥ) የሚልና ቢያንስ 45 ዋት የሚሰጥ ፈልጊ» ብሎኛል፤ ርካሹን ገዝታችሁ አልሞላ አለ እንዳትሉ።

ከዚህ ሞዴል ወርዳችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 7ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) የሆነ እንዳትገዙ የሚመክርበትም ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ስላሽ የሚባለው ያገለገለ ዕቃ ሲረክስ ከመደሰት በፊት ይህንን ማየት ነው።

በጣም የወደድኩት አፈታተሹን ነው። ማሽኑን ፊቴ ከፍቶ የባትሪ ሪፖርት አወጣና ፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅም አሁን ከሚይዘው ጋር አስተያይቶ አሳየኝ። መጀመሪያ ከነጋዴው የመጣው ማሽን ባትሪው ከግማሽ በታች ወርዶ ስለነበር «ይመለስ» ብሎ ሰደደው፤ ኮሚሽኑ እንደሚቀርበት እያወቀ። ፋይል የሚቀመጥበትን የኤስኤስዲውን ጤንነት አየ። ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) በይለፍ ቃል ያልተቆለፈ መሆኑን አረጋገጠ፤ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚወጡ ላፕቶፖች አንዳንዴ እንደተቆለፉ ይመጣሉ፣ ያንን ማስከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቀጥሎ የተንደርቦልትን ፈርምዌር፣ ማለትም የዩኤስቢ ሲ ወደቡን የሚያንቀሳቅሰውን የውስጥ ሶፍትዌር አደሰ። በዚያ ዘመን የወጡ ቲንክፓዶች ይህ ካልታደሰላቸው የዩኤስቢ ሲ ወደባቸው ሊበላሽ እንደሚችል ሌኖቮ ራሱ አሳውቆ ማስተካከያ አውጥቶላቸዋል። ይህን የነገረኝ ሌላ ሻጭ አልነበረም።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ ክራክ የተደረገ ነገር አልጭንም ብሎ ነው የጀመረው። ሊብረ ኦፊስ ጫነልኝ፤ ነፃ ነው፣ የዎርድ ፋይልም ይከፍታል። ሠንጠረዥ የበዛበት የድርጅት ሪፖርት ላይ ግን ቅርጹን ያዛባል፤ ለዚያ እኔ አሁንም ዎርድ እመርጣለሁ። በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠውን የማዳኛ ቅጂ ወደ 2 ደቂቃ አወረደው።

አማርኛ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ስለምንቸገር። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የምልክት መዓት ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ አርታኢ ስልኩ ላይ ሲከፍተው ምን እንደሚያይ አስቡት። የኢትዮጵያ ፊደል እኮ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው! ልጁ ኪማን የሚባለውን ነፃ የመጻፊያ ሶፍትዌር ከአማርኛ ኪቦርድ ጋር ጫነልኝ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ለስልክም አለው። የቆዩ ፋይሎቼንም ወደ ዩኒኮድ ቀየረልኝ። ሲቀየር አንዳንድ ፊደል ስለሚበላሽ ከዋናው ጋር አብረን እያመሳከርን አስተካከልነው፤ ለዚህ ሥራ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱ ግን ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም።

የስልኬን ሆትስፖት ስጠቀም ዊንዶውስ ፓኬጄን በአፕዴት እንዳይጨርስብኝ ግንኙነቱን «ሚተርድ» (ዳታ ተቆጥቦ የሚያዝበት) አደረገው። ፎቶና ቃለ መጠይቅ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ለማሻገር ሎካልሴንድ ጫነ፤ ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ወይም በሆትስፖት ከተገናኙ ዳታ አይበላም። በድምፅ መጻፍንም በጂቦርድ፣ በጉግል የስልክ ኪቦርድ አሳይቶኛል፣ አማርኛ ይሰማል። ባጃጅ ውስጥ ስሞክረው ግን ከኔ ይልቅ ሾፌሩን ነው የጻፈው።

ጉድለቱን ልደብቅላችሁ አልፈልግም። «ነገ ነይ» ካለ ከነገ ወዲያ ማለቱ ነው። ስልክም ቶሎ አያነሳም፣ እጁ ብሎን ላይ ስለሆነ ይመስለኛል። ለሥራው የጠየቀኝ ግን ሌሎች ለፎርማት ብቻ ከሚጠይቁት ብዙም አይበልጥም፤ ደረሰኝም ጽፎ ሰጥቶኛል፣ በቴሌብር ነው የከፈልኩት። የላፕቶፑን ዋጋ አልጽፍም፣ ገበያው አንድ ቦታ ስለማይቆም ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያጣላችኋል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዚያው ማሽን ነው፣ ሻሸመኔ መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄው እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ፋይላችሁን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ቻርጀራችሁንም ያዙ፣ ያለ እሱ ማሽኑን አይቀበልም።