አዜላይክ አሲድ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይስ አዳፓሊን? ለብጉርና ለሚተወው ጥቁረት የቱ ይሻላል

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላለን ሰዎች ከብጉሩ ይልቅ የሚያስጨንቀን ጥሎት የሚሄደው ጥቁረት ነው። ብጉሩ በሳምንት ይጠፋል፤ ጥቁረቱ ግን ወራት ይቆያል። ስለዚህ መድኃኒት ስመርጥ ቀድሜ የማየው ጥቁረቱን ምን እንደሚያደርገው ነው።

በዚህ አዜላይክ አሲድን የሚያህል የለም ባይ ነኝ። እንደ ገብስና ስንዴ ባሉ እህሎች ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ አሲድ ነው። ብጉር የሚያባብሰውን ባክቴሪያ ይቀንሳል። የቆዳ ቀዳዳ በሞቱ ሴሎች እንዳይደፈን ያደርጋል፣ እብጠቱንም ያበርዳል። ታይሮሲኔዝ የሚባለውን ኤንዛይምም ይገታል። ሰውነታችን የቆዳን ቀለም የሚሠራው በዚህ ኤንዛይም ነው። አሲዱ በይበልጥ የሚይዘው ከልክ በላይ ቀለም የሚያመርቱትን ሴሎች ስለሆነ ጤነኛውን ቆዳ አያነጣም። ለማድያትም የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ላበጠና መግል ለያዘ ብጉር ጎበዝ ነው። 2.5 በመቶው ይበቃል፤ 10 በመቶው በብዛት የሚጨምረው ማቃጠሉን ነው። ጥቁረቱን ግን በቀጥታ አይነካውም። ባለቀለም ፎጣና የትራስ ልብስም ያነጣል፣ ነጭ ተጠቀሙ።

አዳፓሊን ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ነው፤ ማታ ማታ ይቀባል። ግንባር ላይ ለሚበዙ ጥቃቅን ነጭና ጥቁር ነጥቦች እሱን እመርጣለሁ። አሜሪካ ያላችሁ ከ2016 ጀምሮ 0.1 በመቶውን ያለ ሐኪም ማዘዣ ታገኙታላችሁ። ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን አትቀባው። ለእሷ አዜላይክ አሲድ የተሻለ አማራጭ ነው፤ ቢሆንም ሐኪሟን ታማክር።

አዜላይኩን ከመረጣችሁ የቀረው መጠኑ ነው። 10 በመቶው እንደ መዋቢያ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። 15 በመቶ ጄልና 20 በመቶ ክሬም መድኃኒቶች ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ማዘዣ ይፈልጋሉ። በደንብ የተጠኑትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ ስለዚህ ጥቁረቱ ከባድ ከሆነ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ፊታችሁ ወዛም ከሆነ ጄሉ፣ ደረቅ ከሆነ ክሬሙ ይስማማል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳክካል፣ ይቆነጥጣልም። በአንድ ቀን ልዩነት ጀምሩ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትበቃለች። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ ይጥለዋል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ለብጉሩ ሁለት ወር ገደማ፣ ለጥቁረቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ካልቀባችሁ ደግሞ ማታ የደበዘዘው ጥቁረት ቀን ይመለሳል።

"በሳምንት ያጠራል" ተብሎ ያለ ጽሑፍ በብልቃጥ የሚሸጠውን ግን እባካችሁ አትንኩት። እንዲህ ባሉት ውስጥ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል።